ሰላሳ እንጀራ

ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ይሄንን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው ስለዚያ ቤት ሲጠይቀኝ ሴቶቹ ተዘግቶባቸው እኔ እንደፈለግኩ የምወጣ የምገባ ይመስለዋል። ቁልፍ የያዘም ይታሰራል። እንደውም ይብስበታል፤ ሌላው በሩን እያየ ያማርራል፣ እኔ ግን በሩን የዘጋሁት ራሴ ስለሆንኩ ማንን ላማርር?

ቤቱ ቤይሩት ዳር፣ ሀደት የሚባል ሰፈር ነበር፣ አራተኛ ፎቅ። አሁን ስለለቀቅነው መናገሩ ችግር የለውም። ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ መንገዱን የሚያይ ባልኮን። ባልኮኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ባለ መስመር ሸራ አለ። ቤይሩት ያለ ባልኮን ሁሉ እንደዚያ ዓይነት መጋረጃ አለው፣ ለፀሐይ ነው። የእኛ ግን ፀሐይ ኖረም አልኖረ አይገለጥም። የሚደበድባቸውን ባል ሸሽተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ሐበሻ ሴቶች የመሄጃ ወረቀታቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ የሚደበቁበት ቤት ነው።

የምትመራው ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ሊባኖስ ኖራለች፣ ግማሹን በሰው ቤት ሠራተኝነት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ነው ቤቱን የተከራየችው። ጎረቤቶቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ማደሪያ ይመስላቸዋል።

እኔ እዚሁ ቤይሩት ነው የተወለድኩት። እናቴ ዶራ ሰፈር ፀጉር ቤት አላት፤ አማርኛዬን የተማርኩት እዚያ ስለሆነ አፌም የፀጉር ቤት አፍ ነው። በዚያ ሰኔ ከዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ ተመርቄ ነበር። የምርቃት ፎቶዬ ላይ የአገሩን ችግር ሁሉ ነገ ጠዋት ተነስቼ የምጨርስ መስዬ ቆሜያለሁ። እትዬ ፎቶውን አየችና፣ "ጎበዝ። በይ አሁን የሻወሩ ቧንቧ ያፈሳል፣ ባልዲውን እየደፋሽ ጠብቂ" አለችኝ። ሥራዬ የተጀመረው በባልዲው ነው።

እትዬ ሕጎቿን በእስክሪብቶ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች። ስልክ ሲገቡ ይሰጣል። ጫማ በር ላይ አይቀመጥም። ደረጃው ላይ አማርኛ አይወራም። ለእኔ ወይ ቁልፍ ለያዘችው ካልሆነ ለማንም አይከፈት። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ "እንጀራ በአንድ ሰው ከአምስት በላይ አይገዛም" ይላል።

በዚህኛው ሕግ ብዙ ሳቅኩ። እንጀራ ሲያስፈልግ እናቴ አምስት ትገዛለች፣ እትዬ አምስት፣ አንዷ ጓደኛዋ ደግሞ ከሌላ ሱቅ አምስት፤ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ፌስታል ይመጣል። እስኪሰበሰብ የመጀመሪያው ይደርቃል። "ያኒ እንጀራ ነው እኮ፣ ሀሺሽ አይደለም" አልኳት።

"አንቺ እኛን ገና አታውቂንም" አለችኝ። በአማርኛዬ የመጣች መስሎኝ ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

የማወራላችሁ ሴት የመጣችው ማክሰኞ ቀን ነው። ግራ እጇ እስከ ክርኗ ጀሶ ውስጥ ነው። በቀኟ የሁለት ዓመት ወንድ ልጇን ታቅፋለች፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጇ ቀሚሷን ይዛለች። ሸንታ እንኳን የላቸውም፤ አንድ የዳቦ ፌስታል ብቻ። ውስጡ የልጅ ሱሪዎች፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የእሷ ፓስፖርትና የትንሹ የልደት ወረቀት። ክሊኒክ እሄዳለሁ ብላ ስለወጣች ነው እነዚህ ሁለቱ በእጇ የተገኙት። የትልቋ ልጅ የልደት ወረቀት ግን ባሏ ጋ ቀረ። ሰውየው ወረቀት ሁሉ በአንዲት ጥቁር ሸንታ ይዞ ይዞራል፤ ሲተኛ እንኳን ትራሱ ሥር ያደርጋታል አለችኝ።

ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚያች ወረቀት ላይ ነው። አገሯ ለመግባት የሦስቱም የመሄጃ ወረቀት ተጠይቆላቸዋል፣ ሌላው ሁሉ ተሟልቷል። የልጅቷ የልደት ወረቀት ከሌለ ግን ልጅቷ በእናቷ ወረቀት ላይ አትገባም። እትዬ የያዘችላት ጠበቃ ልጅቷ ከተወለደችበት ሆስፒታል ቅጂ ላውጣ ብትል ሁለት ወር ተባለች። የእናትየዋ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለቴ ነው፣ ካለፈ ዓመት ሆኖታል፤ ፖሊስ ካገኛት እስር ቤት ናት። ስለዚህ ሁለት ወር መጋረጃ ውስጥ።

ባሏን አውቀዋለሁ። ይሄ ነው የሚያስጠላው። ሲን ኤል ፊል ባለው አዳራሽ፣ ቤተክርስቲያናችን በተከራየችው፣ እሑድ እሑድ ወንበር የሚደረድረው ወንድም ነው። ዝምተኛ፣ ታዛዥ፣ ሁሉ የሚወደው። ሐበሻ ድግስ ሲኖረው የአዳራሹን ወንበር የሚዋሰው በእሱ በኩል ነው። ለእኔ ምርቃት ስልሳ ወንበር በራሱ መኪና ያመጣልን እሱ ነው። እናቴ ጉርሻ አጉርሳዋለች።

ቀኖቹ እንዴት እንደሚያልፉ ለመናገር ይከብዳል፤ አያልፉማ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ጄኔሬተር ይጠፋል፣ ቬንቲላተሩ ይቆማል፣ ከሰማይ የእስራኤል ድሮን ድምፅ ብቻ ይቀራል። ልጅ ሲጮህ ሁላችንም እንሮጣለን። ሽንት ቤት ውኃ የሚለቀቀው እየተቆጠበ ነው፤ ለውኃው ብቻ አይምሰላችሁ፣ ስንት ሰው እንዳለ እንዳይታወቅም ነው። እኔ በሳምንት አምስት ቀን እዚያ አድራለሁ። አብረውኝ የተመረቁት ባሕር ዳር ሆነው የሚልኩትን ፎቶ አያለሁ፣ ስልኬን እጥላለሁ፣ መልሼ አነሳለሁ።

ልጅቷ እኔን "ሚስ" ነው የምትለኝ፣ እንደ ትምህርት ቤት። ሸራው ከግድግዳው ጋር የማይገጥምበት የሁለት ጣት ክፍተት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን እዚያ አድርጋ መንገዱ ላይ የሚያልፉ ቀይ መኪናዎችን ትቆጥራለች። አንድ ባየች ቁጥር ሮጣ መጥታ የእናቷ ጀሶ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ትንሽ መኪና ትስላለች። በሁለተኛው ሳምንት ጀሶው የመኪና ማቆሚያ መስሎ ነበር።

እናትየው ደግሞ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ያሳብደኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቃት ዑደት፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ጥፋተኝነት ስሜት ተምሬ መጥቻለሁ፤ ልናገር እፈልጋለሁ፣ እንድትናገር እፈልጋለሁ። እሷ የልጆቿን ሱሪ በአንድ እጇ ታጥፋለች። አንድ ቀን፣ "ክፉ ሰው እኮ አይደለም" አለች፤ እኔ ፈነዳሁ። የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ወንድ ለምን እንደሚመታ፣ ሴት ለምን እንደምትመለስ።

ሰምታ ሰምታ፣ "እህቴ፣ አንቺ የተማርሽው ለምን እንደሚመታ ነው" አለችኝ። "እኔ የማውቀው መቼ እንደሚመታ ነው። የእኔ ነው ቤት ውስጥ የሚጠቅመው።"

ከዚያ ወዲያ ሌክቸሬን ተውኩ። ለትንሽ ቀን።

ትንሹ ልጅ ምግብ እምቢ ያለው በሁለተኛው ሳምንት ነው። የዐረብ ዳቦውን እያየ አፉን ይገጥማል። ሩዝ ይተፋል። እናቱ፣ ከመጣች ጀምሮ ምንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት፣ "እንጀራ ቢገኝ ይበላ ነበር" አለች፣ ወዲያው ደግሞ "ይቅር ይቅር፣ ይለምደዋል" ብላ ዞረች። ለእትዬ ደወልኩላት። እሺ፣ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ አምስት አምስት እያልን እናሟላለን አለች። ቀኑ ዓርብ ነው። እስከ ማክሰኞ ልጁ ምን ይብላ፣ ሕግ?

ቁልፉን ይዤ ወጣሁ፣ ዶራ ሄድኩ፣ እናቴ ፀጉር ቤት አጠገብ ያለው የሐበሻ ሱቅ ገብቼ ሰላሳ እንጀራ አልኩ። አንድ ጊዜ ገዝቼ ልገላገል ብዬ ነው። ሰላሳ።

ባለሱቋ ከልጅነቴ ታውቀኛለች። እየቆጠረች፣ "ባል አገባሽ ወይስ ወታደር ልትቀልቢ ነው?" አለችኝ።

"ድግስ አለኝ" አልኳት።

"የምን?"

"የምርቃቴ።"

ቆጠራውን አቆመች። "ሰኔ ላይ በላን አይደል እንዴ?"

የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ሐበሻ ምግብ ቅመሱ ብያቸው ነው፣ ሁለተኛ ዙር ነው፣ ምናምን አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ሁለተኛ ድግስ ተደግሶ፣ እንጀራው ከእሷ ተገዝቶ፣ እሷ አልተጠራችም። እኔ ይሄንን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ችኮላ ላይ ነኝ። ጭራሽ ከባድ ስለሆነብኝ በር ላይ ያለውን የሐበሻ ቫን ሾፌር ጥሪልኝ፣ ሀደት ያድርስልኝ አልኳት። አፌን ከፍቼ። ሀደት።

ያን ቀን ምሳው ደስ የሚል ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። እናትየው ሽሮ ሠርታ፣ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ትንሹ በሁለት እጁ እያፈሰ በላ። እናቱ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ አንድ ጥርሷ ተሰብሯል፣ ለካ ለዚያ ነው የማትስቀው። ከዚያ ፍሪጁን ከፍታ የተደረደረውን አየች። ስንት ነው የገዛሽው አለችኝ። ነገርኳት። ምን ብለሽ አለችኝ። የሱቁን ነገርኳት፣ እንዲያውም እያሳቅኳት መስሎኝ የባለሱቋን ኩርፊያ እየቀዳሁ።

አልሳቀችም። "ወንበርስ?" አለች።

"የምን ወንበር?"

"ድግስ ነው ካልሽ ወንበር ከማን ተዋስሽ? እሱ ይሰማል። ድግስ ካለ ወንበር ከእሱ ነው። አልጠየቁኝም ይላል።"

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩት። አትጨነቂ፣ ማን ነው ይሄንን ሁሉ የሚያያይዘው አልኳት። ለእትዬ ንገሪያት አለችኝ። እሺ አልኩ። አልነገርኳትም። ዓርብ ማታ ስትደውል ሁሉም ሰላም ነው አልኳት። ቅዳሜም። ሕጉን ስስቅበት ከርሜ፣ በመጀመሪያው ወር ሰበርኩት ማለት አቃተኝ። ከነገርኳት በዚያው ቀን ቤት ትቀይር ነበር። አሁን ሳስበው ከሰላሳው እንጀራ የሚከፋው ሁለቱ "ሁሉም ሰላም ነው" ናቸው።

የሆነው እሷ እንዳለችው ነው፣ በኋላ ሰማን። እሑድ ጠዋት ባለሱቋ አዳራሹ በር ላይ ቆማ፣ የፀጉር ቤቷ ልጅ ተመረቀችና ናቀችን እያለች ታወራለች። ባልየው ወንበር እየደረደረ ነው። ቀና አለ። ድግስ ከሆነ ወንበር ማን ሰጣት አለ። ከዚያ ልጅቷ ከማን ጋር ነው የምትሠራው ብሎ ጠየቀ፤ ከእትዬ ጋር እንደምሠራ፣ እትዬ ደግሞ የከፋቸውን ሴቶች እንደምትረዳ ዶራ የማያውቅ የለም። ቀጥሎ የቫኑን ሾፌር አገኘ። ሾፌሩ ምን ያውቃል፣ ሕንፃውንም ፎቁንም ነገረው።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራት ጠፍቷል። እትዬ አንዲት ወላድ ይዛ ሆስፒታል ናት። ልጅቷ ከሸራው ክፍተት ዞር ብላ፣ "ሚስ፣ አባዬ መጣ" አለችኝ። ደስ ብሏታል። ፊቷ በራ፣ ከዚያ እናቷን አየች፣ ፊቷን ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፋት።

በሩ ተንኳኳ።

በቀዳዳው ሳይ ሦስት ሰው ነው፤ ባልየው የለም፣ ታች መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ወንጌላዊያችን፣ አንድ ሌላ ወንድም፣ ከፊታቸው ደግሞ የቤተክርስቲያናችን ሴቶች የሚያከብሯቸው ትልቅ እናት፣ እማማ የምንላቸው። ሙዝና ጁስ ይዘዋል። እዚህ አገር ሽማግሌ ሆነው የሚያስታርቁት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፣ ወንዱ ጥቂት ነዋ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እማማ ናቸው። እነዚህን ባልና ሚስትም የዳሩ እሳቸው ናቸው።

አልከፈትኩም። ለእትዬ ደወልኩ፣ አታነሳም፤ በር ላይ ናቸው ብዬ ጻፍኩላት። በሹክሹክታ ማንም የለም አልኩ፣ በአማርኛ፣ ምን ዓይነት ደደብ ነኝ። ወንጌላዊው፣ "እህቴ፣ ለእርቅ ነው የመጣነው፣ አትፍሩ" አለ። ይሄዳሉ አልኩ።

እነሱ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጡና መጸለይ ጀመሩ። ጮክ ብለው። የእኛን ጸሎት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሰው ሲጸልይ ያምራል፣ ባዶ የድንጋይ ደረጃ ላይ ሦስት ሰው ሲጸልይ ግን ሕንፃው ይናወጣል። ለቤተሰቡ፣ ለልጆቹ፣ የሰይጣን ሥራ እንዲፈርስ። በር ሲከፈት ይሰማኛል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አምስተኛ ፎቅ። አንዱ ሰውዬ በዐረብኛ፣ ኸላስ፣ አሁን ፖሊስ ነው የምጠራው እያለ ይጮሃል። እነ እማማ ክፉ አስበው አይደለም። ሌላ ቦታ እንዲህ ሲያደርጉ በር ይከፈትላቸዋል።

እኔ መሃል ሳሎን ቆሜ ቁልፉን ጨብጫለሁ። ብከፍት ባልየው አራት ፎቅ ነው የሚወጣው። ባልከፍት ፖሊስ ይመጣል፣ ኢቃማ ይጠየቃል፣ እሷ ትወሰዳለች፣ ልጆቹ ለማን ይሰጣሉ? ለአባታቸው። ሌላ በር ቤቱ የለውም። የተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ቁልፉ ብቻ እጄን ይወጋኛል። የእትዬ መልእክት ያኔ ገባ። "አትክፈቺ።" በቃ፣ ይሄው ነው።

እናትየው ትንሹን አልጋ ላይ አስቀምጣ መጣች። "ክፈቺው" አለች።

"አልከፍትም።"

"ሰንሰለቱን አትፍቺ። በሩን ብቻ።"

"እትዬ አትክፈቺ ብላለች።"

"እንጀራውንም አትግዢ ብላሽ ነበር" አለችኝ። ረጋ ብላ። ከፈትኩ።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ፣ አንድ መዳፍ ያህል ተከፈተ። ጸሎቱ ቆመ። እማማ ተነስተው ፊታቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉ፣ ልጄ እያሉ አለቀሱ። ከባለቤትሽ ጋር ተነጋግረናል፣ በጣም ተጸጽቷል፣ ዛሬ ማታ እኔ ቤት ትቀመጣላችሁ አሉ። እኔ አፌን ስከፍት እሷ በክርኗ ገፋችኝ።

"እማማ፣ እርቁን እምቢ አላልኩም" አለች። "ግን በወጉ ይሁን። መያዣ ሳይያዝ ነው የሚቀመጡት?"

ይሄ የእኛ ሰፈር ሥርዓት ነው። ሁለት ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሁለቱም የሚያሳሳቸውን ነገር ሽማግሌው እጅ ያስይዛሉ፤ ወርቅ፣ ስልክ፣ ፓስፖርት። ቀጠሮ የቀረ፣ ቃል ያፈረሰ መያዣው ይቀርበታል። እማማ ራሳቸው ሲያደርጉት መቶ ጊዜ አይቻለሁ። እውነት ነው አሉ፣ ረስቼው ነው።

የጋብቻ ቀለበቷን በጥርሷ ይዛ ከጀሶው ጫፍ ካለው ጣቷ አወጣችና በክፍተቱ ሰጠቻቸው። "የእኔ ይሄ ነው። እሱ ደግሞ የልጄን የልደት ወረቀት ያስይዝ። እሱን ካላስያዘ አልቀመጥም።"

ወንጌላዊው ወደ ታች ወረደ። ሰውየው እምቢ ይላል ብዬ ነበር። አላለም። ለእሱ ወረቀቷ ከሸንታው ወጥታ እማማ ሸንታ ውስጥ ብትገባ ያው ናት፤ እማማ የእሱ ሽማግሌ ናቸዋ። ወንጌላዊው እያለከለከ ተመለሰና በላስቲክ የተለበጠች አንዲት ወረቀት ለእማማ ሰጣቸው። ከእኛ አንድ ክንድ ትርቃለች። አንድ ክንድ።

"ስሟ በትክክል መጻፉን ልየው" አለችና ግራ እጇን፣ ጀሶውን፣ በክፍተቱ አወጣች። በቀኟ መዘርጋት ትችል ነበር። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም፣ ጣትሽን ስለሚያምሽ በቀኝሽ አድርጊው ልላት ነበር።

እማማ ጀሶውን አዩት። ቀያዮቹን መኪናዎች አዩ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ምን አላችሁ እሱ?"

"ከደረጃ ወድቃ እጇ ወለም ብሏታል ነው ያለን።"

"እማማ" አለች፣ "ቤታችን ስንት ጊዜ ለጸሎት መጥተዋል? የት አለ ደረጃው?"

ዛልቃ ነው የሚኖሩት፣ ከመንገዱ ላይ በቀጥታ የሚገባበት ምድር ቤት። አንድ ደረጃ የለውም። እማማ አንገታቸውን አቀርቅረው ቤቱን በሐሳባቸው ሲዞሩት አየኋቸው፤ በሩን፣ ኩሽናውን፣ መተላለፊያውን። ከዚያ ወረቀቷን ከጀሶው ጫፍ የወጡት ጣቶች መሃል አስገቡና ለቀቁ።

ወንጌላዊው ደነገጠ። "እማማ፣ መያዣ እኮ ሽማግሌ እጅ ነው የሚቆየው።"

"ሽማግሌዋ እኔ ነኝ" አሉት። "የት እንደሚቆይ እኔ አውቃለሁ።" ለእሷ ደግሞ፣ "ሐሙስ ከአምልኮ በኋላ ትቀመጣላችሁ እለዋለሁ። ሽማግሌ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል፣ ያጋጥማል። በሩን ዝጉ።"

ሙዙን በር ላይ ትተው ወረዱ። በሸራው ክፍተት አየሁ፤ እማማ ፊት ወንበር ላይ ገቡ፣ ሌሎቹ ኋላ፣ መኪናው ሄደ። ነጭ መኪና ነው። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ እስኪጠፋ አየችው፣ ምንም አልሳለችም።

እትዬ ስትመጣ ነገርኳት፣ ከሰላሳው ጀምሬ ከዚያም ሁለቱን "ሰላም ነው"። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት ነቅላ አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ዕቃ አውጪ አለችኝ። ሳይመሽ በዳቦ ማመላለሻ መኪና ወጣን። ሦስት ዓመት ማንም ያላወቀው ቤት በእኔ አንድ ዓርብ ተዘጋ። ከእኛ በኋላ ሊገቡ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የት እንደቆዩ እትዬ አልነገረችኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

አዲሱ ቤት ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፣ የቱ ጋ እንደሆነ አልናገርም። አንድ ክፍል። መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው፣ ልጅቷ የምትቆጥረው አጣች። ግድግዳው ላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ጠብታ ስትቆጥር ሰንብታ ሰለቻት። እኔም አብሬያት ስቆጥር ራሴን አገኘሁት።

እዚያ በገባን በሁለተኛው ሳምንት እማማ እናቴ ፀጉር ቤት መጡ። ፀጉራቸውን ሊሠሩ አይደለም። ቀለበቱን ከመቀነታቸው ፈተው መስታወቱ ሥር አስቀመጡ። ያልተፈጸመ እርቅ መያዣ ማስቀመጥ ከብዶኛል፣ መልሽላት አሉኝ። የት ነው ያሉት ብለውም ጠየቁ። እኚህን ሴትዮ አምናቸዋለሁ። አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አላውቅም አልኳቸው። አይተውኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ቀለበቱን ይዤ ስሄድ እሷ አልነካችውም። "መልሺላቸው" አለችኝ። "ቀለበቱ እሳቸው ጋ እስካለ ድረስ እሱ የሚጠብቀው ቀጠሮ ነው። ከመለሱት መፈለግ ይጀምራል።" ይሄንን የተማረችው የት ነው? እዚያው ቤት ውስጥ፣ መቼ እንደሚመታ የተማረችበት። መልሼ ወስጄ ሰጠኋቸው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

የመሄጃ ወረቀቱ በአምስተኛው ሳምንት አለቀ። የልጅቷ ስም ከእናቷ ስም ሥር ተጽፎ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስቱም ሄዱ። ደርሰናል የሚል አጭር የድምፅ መልእክት መጣ፣ ከኋላው ትንሹ ልጅ እንደልቡ ይጮሃል፣ ማንም ዝም በል አይለውም።

ሰውየው አሁንም ወንበር ይደረድራል። በየእሑዱ እማማን ቀጠሮው መቼ ነው ይላቸዋል፣ ሽማግሌ አልሞላም ይሉታል። ቀለበቱ መቀነታቸው ውስጥ ነው፤ ለማን እንደሚመልሱት ጨንቋቸዋል።

እኔ እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ከሌላ እናትና ከሌሎች ልጆች ጋር። ፍሪጁ ላይ ያ የታጠፈ ወረቀት ተለጥፏል። ማክሰኞ ማክሰኞ ዶራ ሄጄ አምስት እንጀራ እገዛለሁ። ባለሱቋ እስካሁን እንዳኮረፈችኝ ነው። ባለፈው አምስቱን ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ "ድግሱ አለቀ?" አለችኝ። ለማን እንደሆነ ብነግራት በአንድ ደቂቃ ይቅር ትለኛለች፤ አሥር ጨምራ ትመርቅልኛለች።

"አለቀ" አልኳትና ወጣሁ።